የጥር ቡድን ከሰኔ ቡድን

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱሉልታ፣ አንዲት ቡና ቤት በረንዳ ላይ ሦስት ሰዎች ተቀምጠን ለመደባደብ ትንሽ ነበር የቀረን። አንዱ የሰበታ ልጅ ነው፣ ሁለተኛው የቡራዩ፣ ሦስተኛው እኔ የሱሉልታው ነኝ። (በወረቀት ሦስታችንም ዛሬ የሸገር ከተማ ነዋሪዎች ነን። በታክሲ ግን የሰበታው ልጅ እኔ ጋ ለመድረስ አሁንም አዲስ አበባን ከጫፍ ጫፍ ማቋረጥ አለበት። ስለዚህ ሲመጣ ደክሞት፣ ተናዶ ነው የሚመጣው። ይህንን ያዙልኝ።)

የጠባችን ርዕስ ይህ ነበር፦ ሰለሞን ባረጋ የተወለደው ጥር 11 ነው ወይስ ጥር 12?

ነገሩ ወዲህ ነው። የቡራዩው ጓደኛችን አሜሪካ የሚኖር የአክስት ልጅ አለው። ይህ የአክስት ልጅ እዚያ አድጎ የቤዝቦል በሽተኛ ሆኗል። አሜሪካኖች ቤዝቦልን ከማየት ይልቅ መቁጠር ሳይወዱ አይቀሩም፤ ማን ስንት መታ፣ ማን ስንት ሮጠ፣ ማን የት ተወለደ። ከቆጠራዎቹ ሁሉ የሚያስቀው ደግሞ የልደት ቀን ቡድን የሚባለው ነው። በአንድ ወር፣ ወይም በአንድ ቀን የተወለዱትን ተጫዋቾች ከመቶ ዓመት ታሪክ ውስጥ ይለቅሙና የሞተውንም ያለውንም አንድ ማሊያ ያለብሱታል። ከዚያ የጃንዋሪ ቡድን ከጁላይ ቡድን ቢገጥም ማን ያሸንፋል እያሉ ሌሊቱን ሙሉ ይከራከራሉ። ሥራ ፈትነት ነው ብላችሁ እንዳትስቁ፤ እኛም እንዲያ ብለን ስቀን ነበር የጀመርነው።

የአክስት ልጅ የነገረውን አንዱን ብቻ ላካፍላችሁ። ፔንሲልቫንያ ውስጥ ዶኖራ የምትባል ትንሽ የፋብሪካ ከተማ አለች። ስታን ሙዚየል የተባለው የቤዝቦል ታላቅ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 1920 እዚያች ከተማ ተወለደ። ኬን ግሪፊ ጁኒየርም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 1969 እዚያችው ዶኖራ ተወለደ። የመጀመሪያው በዘመኑ 3,630 ጊዜ መትቶ ቤዝ የያዘ ሰው ነው፤ ሁለተኛው 630 ሆም ረን መትቷል። አንድ ትንሽ ከተማ፣ አንድ ቀን፣ ሁለት ታላላቆች። የቤዝቦል ሰዎች ይህንን እንደ ተአምር ነው የሚያወሩት።

እኛ ቤዝቦል የለንም። ሩጫ ግን አለን፤ ዶኖራም ከተባለ በቆጂ አለችን። ደራርቱ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ፣ ቲኪ ገላና የበቆጂና የአካባቢዋ ልጆች ናቸው። ስለዚህ የሯጮቻችንን የልደት ቀን ከዓለም አቀፍ መዝገቦች ሰበሰብንና ቡድን ማውጣት ጀመርን። የቡራዩው ልጅ ገና በአምስት ደቂቃው ጮኸ። ወርቅነሽ ኪዳኔ ኖቬምበር 21 ቀን 1981! አልማዝ አያና ኖቬምበር 21 ቀን 1991! የሙዚየልና የግሪፊ ቀን፣ ራሷ ኖቬምበር 21! አንዷ በ2003 ሎዛን ላይ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን፣ ሌላዋ በ2016 ሪዮ ላይ 10,000 ሜትርን በ29:17.45 ጨርሳ ዓለምን አፍ ያስያዘች። ቡና በእኔ ሒሳብ ታዘዘ።

ቡናው ሳይመጣ ግን የሰበታው ልጅ፣ ያ ሁለት ሰዓት ታክሲ ውስጥ የተንገላታው፣ «ሰዎቹ አበሾች አይደሉም እንዴ? በእኛ አቆጣጠር ይሁን» አለ። ወደ እኛ ስንመልሰው ወርቅነሽ ኅዳር 12 ቀን 1974 ዓ.ም. ሆነች፤ የኅዳር ሚካኤል። አልማዝ ደግሞ ኅዳር 11 ቀን 1984 ዓ.ም.። በፈረንጅ መንትያ የነበሩት በአበሻ ተለያዩ።

እንዴት? ለሚያውቀው ቀላል ነው፤ ለማያውቀው ግን ብዙ ጣጣ አለበት። በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። ያኔ አዲስ ዓመት በሴፕቴምበር 11 መግባቱ ቀርቶ በ12 ይገባል፤ በዘመነ ዮሐንስ ከመስከረም ጀምሮ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29ን እስኪጨምሩ ድረስ ሁሉም ቀን አንድ ቀን ፈቀቅ ይላል። 1984 ዘመነ ዮሐንስ ነበር። 1992ም እንዲሁ። ወደ ባረጋ ጠብ የመጣነውም በዚሁ ነው። በቶኪዮ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣው ሰለሞን ባረጋ የልደት ቀኑ ጃንዋሪ 20 ቀን 2000 ተብሎ ተመዝግቧል። የሰበታው ልጅ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 መሆኑን በቃሉ ይዞ፣ አንድ ቀን ጨምሮ፣ ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ አለ። እኔ ጥር 11፣ ጥምቀት ራሱ አልኩ። በዚያ ዓመት ጥምቀት የዋለው ጃንዋሪ 20 ነበርና። እኔ ነኝ ትክክል። (ቢቀበልም ባይቀበልም።)

ከዚህ በኋላ የሆነው ነው እኔን የማረከኝ። የእኛ አቆጣጠር የፈረንጁን መንትዮች እንደሚለያይ ሁሉ፣ ፈረንጁ የለያያቸውን ደግሞ ያገናኛል። አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ቶኪዮ ላይ ያገኘው ኦክቶበር 21 ቀን 1964 ነው፤ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.። በ2012 ለንደን ላይ የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈችው ቲኪ ገላና የተወለደችው ኦክቶበር 22 ቀን 1987 ነው። 21 እና 22፣ ምንም አይገናኙም። ወደ ቤት ስትመልሷቸው ግን የቲኪም ጥቅምት 11 ነው፤ የ1980 ዓ.ም. ጥቅምት 11፤ እሱም ዘመነ ዮሐንስ። የኦሊምፒክ ማራቶን አሸናፊ የተወለደችው የአበበ ድል በሚታሰብበት ቀን ነው፤ ይህንን የሚያሳየውም የእኛ ካላንደር ብቻ ነው።

ደግሞ ጳጉሜን አለች። አሥራ ሦስተኛ ወር ስላለን አሥራ ሦስት ቡድን ማውጣት እንችላለን፤ አሜሪካኖቹ በዚህ አይደርሱብንም። ጳጉሜን ላይ ያገኘነው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በ2009 የዓለም አገር አቋራጭን፣ በ2010 የኒውዮርክ ማራቶንን ያሸነፈው ገብረእግዚአብሔር ገብረማርያም። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1984፣ ማለትም ጳጉሜን 5 ቀን 1976 ዓ.ም.፤ የአዲስ ዓመት ዋዜማ። (የወርቅነሽ ባለቤት ነው፤ የኅዳር ሚካኤሏ ወርቅነሽ።) እና አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2:15:16 የገባው መቼ ነበር? ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ማምሻውን፣ እዚህ ቤት ለእንቁጣጣሽ ሲሰናዳ። የሰበታው ልጅ ይህንን ሲሰማ ሌላውን ሁሉ ትቶ «ጳጉሜን የእኔ ቡድን ናት» አለ። አንድ ሰው ብቻ ያላት ቡድን።

ወደ ትልልቆቹ እንምጣ። የቡራዩው ልጅ ሰኔን መረጠ። ማሞ ወልዴ ሰኔ 5 ቀን 1924 ዓ.ም.፣ የ1968ቱ የሜክሲኮ ማራቶን ወርቅና የ10,000 ሜትር ብር፣ ከአራት ዓመት በኋላ ሙኒክ ላይ ነሐስ። ኢብራሂም ጄይላን እንደ ማሞ ሰኔ 5፣ ዓመቱ 1981 ዓ.ም.፣ በ2011 ዴጉ ላይ ሞ ፋራህን በመጨረሻዎቹ ሜትሮች የቀደመው። ቀነኒሳ በቀለ በማግስቱ ሰኔ 6፣ ዓመቱ 1974 ዓ.ም.፤ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ። ሦስት ሰው፣ አራት የኦሊምፒክ ወርቅ፣ ሁሉም በሁለት ቀን ውስጥ። ክረምቱ ሊገባ ሲል የሚወለድ ልጅ ጭቃ ላይ መሮጥ ስለሚለምድ ነው የሚል ሳይንስም ጨመረበት፤ እሱን ዝም ብለን አለፍነው።

እኔ ጥርን ያዝኩ፤ ዛሬም አልለቅም። መሐመድ አማን ጥር 2 (በ2013 የ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን)፣ ሙክታር እድሪስ ጥር 6 (በ2017 እና በ2019 የ5,000 ሜትር)፣ ባረጋ ጥር 11፣ ጉዳፍ ፀጋይ ጥር 15 (በ2022 የ5,000፣ በ2023 የ10,000)፣ ስለሺ ስህን ጥር 21 (በአቴንስና በቤጂንግ የ10,000 ሜትር ብር)። እዩት እስቲ፤ ከ800 እስከ 10,000 አንድም ቀዳዳ የለበትም፤ የሰኔ ቡድን አንዲት ሴት እንኳ የላትም። የቡራዩው ልጅ ወርቅ ቁጠር ይለኛል። እኔ ደግሞ ቡድን ማለት ክምችት አይደለም እላለሁ። ስለሺ ዕድሜውን ሙሉ ቀነኒሳን ተከትሎ ሁለተኛ የገባ ሰው ነው፤ ሁለተኛ የሚገባለት የሌለው ቡድን ደግሞ ብቻውን የሚሮጥ ሰው እንጂ ቡድን አይደለም።

መጋቢትን ማንም አልመረጣትም፤ ስናያት ግን አፈርን። ሚሊዮን ወልዴ መጋቢት 8፣ ለተሰንበት ግደይ መጋቢት 11፣ ደራርቱ ቱሉ መጋቢት 12። አንድ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ! ሚያዝያ ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴና ገዛኸኝ አበራ፣ 10 እና 15። ነሐሴ ደግሞ የማራቶን ወር ናት። አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም.፣ ፍልሰታ በሚገባበት ዕለት። ያ ቀን በፈረንጅ ኦገስት 7 ቀን 1932 ነው፤ ሎስ አንጀለስ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን ተሮጦ አርጀንቲናዊው ሁዋን ካርሎስ ዛባላ ያሸነፈበት ዕለት። ታምራት ቶላ ነሐሴ 5፤ የፓሪስን ማራቶን በ2016 ዓ.ም. ያሸነፈው ነሐሴ 4፣ በልደቱ ዋዜማ።

እዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ጥሩነሽ ዲባባ ላይ ስንደርስ ግን እስክሪብቶው ቆመ። አንዱ መዝገብ ጁን 1 ቀን 1985 ይላል፤ ግንቦት 24 ቀን 1977። ሌላው ኦክቶበር 1 ቀን 1985 ይላል፤ መስከረም 21 ቀን 1978፣ የግሸን ማርያም። በ2003 ፓሪስ ላይ 5,000 ሜትርን ስታሸንፍ አንዳንዱ ጽሑፍ 18 ዓመት ከ90 ቀን ይላታል፣ ሌላው 17 ዓመት ከ333 ቀን። አንድ ሩጫ፣ አንዲት ልጅ፣ ሁለት ዕድሜ። በየትኛው ቡድን ትሰለፍ? (እኔ መስከረም 21 እንዲሆን እመኛለሁ። ባለቤቷ ስለሺ ጥር 21 ነው፣ አስተርእዮ ማርያም፤ ባልና ሚስት ሁለቱም በ21። ግን ምኞት መዝገብ አይሆንም።) በግንቦት ከሆነች ከምሩፅ ይፍጠር ጋር ናት። የማርሽ ቀያሪው ልደት ግንቦት 7 ቀን 1936 ተብሎ ተጽፏል፤ በ1980 ሞስኮ ላይ 5,000ንም 10,000ንም ሲያሸንፍ ግን የውጭ ጋዜጠኞች ስንት ዓመቱ ነው እያሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥተውት ነበር። እሱም ዶሮዬን ሊሰርቁኝ ይችላሉ፣ በጌንም ሊሰርቁኝ ይችላሉ፣ ዕድሜዬን ግን ማንም አይሰርቀኝም ብሎ መለሰላቸው።

ምሩፅን የሚያህል ሰው አልቃወምም። ግን ዕድሜን የሚሰርቅ አለ፤ እኔ አውቀዋለሁ፤ የሚሰርቀውም ሰባት ቁጥር ነው።

ሠፈራችን አንድ ልጅ አለ። ጎህ ሳይቀድ ሜዳው ላይ ከሚወጡት፣ ቀነኒሳ ባሠራው ትራክ አጥር ጥግ ቆመው የትልልቆቹን ልምምድ ከሚያዩት አንዱ ነው። እናቱን መቼ ወለድሽው ብትሏት ሳታመነታ ትነግራችኋለች። የ98 ዓ.ም. የግንቦት ልደታ ዋዜማ፣ ለነገው ንፍሮ ተዘፍዝፎ ሳለ ምጡ መጣባት። ሚያዝያ 30 ቀን 1998። በፈረንጅ ሜይ 8 ቀን 2006። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይምጣ?

ልጁ መታወቂያ ሊያወጣ የሄደበት ቢሮ የተቀመጠው ሰው 30/08/1998 የሚለውን ተቀበለና ዓመቱ ላይ ሰባት ደመረ። ቀኑንና ወሩን አልነካም። 30/08/2005። በዚህ ዓይነት ሚያዝያ 30 ኦገስት 30 ሆነ፤ ልጁም ከኃይሌ ቡድን ወጥቶ ያለ ዝውውር ክፍያ ወደ አበበ ቡድን ገባ። የሚያስቀው እዚህ ድረስ ነው። በ2017 ዓ.ም. ለአንድ ከ20 ዓመት በታች ውድድር ምልመላ ሲቀርብ ወረቀቱ ታየ። ሕጉ ዕድሜህን የሚቆጥረው እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር 31 ነው፤ በ2025 መጨረሻ የ2005 ልጅ 20 ይሞላዋል፣ የ2006 ልጅ 19። ልጁ 19 ነው። ወረቀቱ 20 አለ። ወደ ቤት ተመለሰ።

ሊያስተካክል ቢሄድ ምን ቢባል ጥሩ ነው? «ሯጭ ነህ አይደል? ዕድሜ ልትቀንስ ነው የመጣኸው።»

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 የተወለደ ሰው ዓመቱ ላይ ሰባት ይደመራል። ከታኅሣሥ 23፣ ማለትም ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን 5 የተወለደ ግን ስምንት ነው የሚደመርለት። የመጀመሪያው 112 ቀን ነው፤ ሁለተኛው 253። ስለዚህ «ልዩነታችን ሰባት ዓመት ነው» ብሎ ዝም ብሎ የሚደምር ጸሐፊ ከ365 ቀን በ253ቱ የተወለደውን ልጅ በወረቀት አንድ ዓመት ያስረጀዋል። ሁሌ ስምንት የሚደምረው ደግሞ የቀሩትን ያሳንሳል፤ ያ ልጅ ሳያውቀው አጭበርባሪ ይባላል። ለእኔና ለእናንተ ይህ ምንም ማለት አይደለም፤ ጡረታችን አንድ ዓመት ይቀደም እንደሆነ እንጂ። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሯጭ ግን አንድ ዓመት ማለት ክለብ ነው፣ ደመወዝ ነው፣ ፓስፖርት ነው።

ጥርጣሬው ከሜዳ አልመጣም፤ እሱን አልክድም። ዕድሜ የሚቀንስ ሞልቷል፣ እኛም ጋ፣ ሌላም ጋ። ያ የቁጥር ፍቅር ያለው ቤዝቦል ራሱ በ2001 ዳኒ አልሞንቴ የሚባል ልጅ ሲያዋርደው አይቷል። የ12 ዓመት ልጆች ውድድር ላይ ሲያስጨንቃቸው ከርሞ 14 ዓመቱ ሆኖ ተገኘ፤ የቡድኑ ውጤት ሁሉ ተሰረዘ። በ2008 ደግሞ ሚጌል ቴሃዳ የተባለው ትልቅ ተጫዋች ከተመዘገበው ሁለት ዓመት እንደሚበልጥ አምኗል። ሁለቱም ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ። ደሃ አገር ውስጥ ዕድሜ ገንዘብ ሲሆን የሚሆነው ይኸው ነው። ግን አጭበርባሪውን ለመያዝ የዘረጋነው መረብ፣ ጸሐፊ የተሳሳተበትን ልጅ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? አጭበርባሪውማ ወረቀቱን አስተካክሎ ነው የሚመጣው። ወረቀቱ የተበላሸው የንጹሑ ነው።

የልደት ምዝገባ አዋጅ ወጥቷል አትሉኝም? ወጥቷል፤ 760/2004። ሥራው የተጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። ያኔ ሲወለዱ የተመዘገቡት ልጆች ገና አሥር ዓመት አካባቢ ናቸው፤ ዛሬ ሜዳ ላይ የሚሮጡት ከዚያ በፊት፣ አብዛኞቹ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ራቅ ባለ ገጠር፣ ቤት ውስጥ የተወለዱ ናቸው። የእነሱ መዝገብ የእናታቸው ራስ ነው። እናት ደግሞ ኦገስት አታውቅም፤ ልደታን፣ ሚካኤልን፣ አረፋን፣ ኢሬቻን ነው የምታውቀው። በእኔ እምነት ይህ ከጸሐፊው ደመራ በብዙ እጥፍ የሚታመን ነው፤ በዓል ይዛ የምትናገር እናት ዓመቱን እንኳ ብትስት ቀኑን አትስትም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፤ ገንዘብም ኮሚቴም አይፈልግም። ክለብም ይሁን ምልመላ ወይም ፌዴሬሽን፣ ልጅ ሲመዘግብ መጀመሪያ እናት የተናገረችውን ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር፣ እንዳለ ይጻፍ። የተመለሰው ቀን ከጎኑ ይቀመጥ። ሁለቱ ጎን ለጎን ካሉ 30/08 እና 30/08 ሲገጥሙ ማንም ሕፃን ስሕተቱን ያየዋል፤ አሁን ግን የመጀመሪያው ተጥሎ የተበላሸው ብቻ ስለሚቀር ልጁ የሚከራከርበት የለውም። ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ፌዴሬሽኑን የሚመራው ስለሺ ስህን ነው፤ የራሴ የጥር ቡድን አባል፣ በትዕግሥት ሁለተኛ መግባትን የሚያውቅ ሰው። ከሌላ ሰው ይልቅ ከእሱ ተስፋ አደርጋለሁ።

በረንዳው ላይ ሲመሽብን የሰኔና የጥር ጉዳይ አልተፈታም። የቡራዩው ልጅ የመጨረሻ ታክሲ እንዳያመልጠው ሮጠ፤ በሩጫው ግን የየትኛውም ወር ቡድን አይወስደውም። የጎረቤታችንን ልጅ ለጊዜው የሚያዝያ ቡድን ተጠባባቂ ወንበር ላይ፣ ከኃይሌ አጠገብ አስቀምጠነዋል። የሰበታው ጓደኛችን ግን መታወቂያው የሚለው ኦገስት 30 ነው፣ ስለዚህ የነሐሴ ነው፣ ወረቀት ወረቀት ነው ብሎ እስካሁን በስልክ ይጨቀጭቀኛል።